ሽመላና ድንቢጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትምህርቱ ዓላማ

ልጆች ይህን ትምህርት ተምረው ሲጨርሱ፦
1. በሽመላና በድንቢጥ መካከል ያለውን ልዩነትና አንድነት ይናገራሉ።
2. የእያንዳንዷ አካል ለኑሮዋ እንዴት እንደሚስማማ ያስረዳሉ።
3. ወፎችንና የወፎችን መኖሪያ ከጉዳት ይጠብቃሉ።

መግቢያ

የተወደዳችሁ ልጆች፣  ባለፈው ስለ ሥነ ፍጥረት ስንማር ወፎች በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ከባሕር ፍጥረታት ጋር እንደ ተፈጠሩ አይተናል። ዛሬ ከወፎች መካከል ሁለቱን ብቻ መርጠን ጎን ለጎን እናያቸዋለን።

አንደኛዋ ሽመላ ናት። ሽመላ በውኃ ዳርና በረግረግ መሬት በረጃጅም እግሮቿ እየተራመደች ምግቧን የምትለቅም ትልቅ ወፍ ናት። ሁለተኛዋ ድንቢጥ ናት። ድንቢጥ በቤታችን ጣሪያ ሥርና በግቢያችን ዛፍ ላይ ዘወትር የምናያት ትንሽ ወፍ ናት። የወፎችን ነገር የሚያጠኑ ሊቃውንት ድንቢጥን የሚቆጥሯት ዘማሪ ወፎች ከሚባለው ሰፊ ወገን ነው።

የእኛ ከተማ ሞጆ ሁለቱንም ለማወቅ የተመቸች ናት። ድንቢጥን ለማየት ከደጃፋችን መራቅ አያስፈልገንም። የሞጆ ወንዝ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የቆቃ ሐይቅ በ1960 እ.ኤ.አ. የአዋሽ ወንዝ በተገደበ ጊዜ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ረጃጅም እግር ያላቸው ብዙ ዓይነት ወፎች ይታያሉ። ከመስከረም በኋላም ሽመላ በዚህ በስምጥ ሸለቆ በኩል ታልፋለች።

እንግዲህ ልጆች፣ ከሁለቱ የትኛዋ ትበልጣለች? መልሱን አሁን አትናገሩ። ትምህርቱን ከጨረስን በኋላ እንመለስበታለን።

ሀ. ቁመናቸውና ክብደታቸው

በዓለም ላይ ልዩ ልዩ የሽመላ ዓይነቶች አሉ። በባቱና በሐዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች ባሉበት የሚቆመው፣ ራሱ መላጣ የሆነው አባ ኮዳ እንኳ ከሽመላ ወገን ነው። እኛ ዛሬ የምንማረው ስለ ነጭ ሽመላ ነው። የነጭ ሽመላ ሰውነቷ ነጭ፣ የክንፎቿ ጫፍና ጠርዝ ጥቁር፣ እግሮቿና ምንቃሯ ቀይ ናቸው። ስትቆም ቁመቷ አንድ ሜትር ያህል ነው። ክንፎቿን ስትዘረጋ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ድንቢጥ ግን በአንድ እጅ መዳፍ የምትያዝ ናት። በከተማችን የምናያት ድንቢጥ ራሷና ሆዷ አመድማ፣ ጀርባዋና ክንፏ ቡናማ ነው። ክብደቷ 30 ግራም ገደማ ነው። አንዲት ሽመላ 3 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ እርሷን በሚዛን ለማስተካከል ስንት ድንቢጦች ያስፈልጋሉ? 3 ኪሎ ግራም 3000 ግራም ነው። 3000ን ለ30 ስናካፍል 100 እናገኛለን። ስለዚህ መቶ ድንቢጦች አንዲት ሽመላን ያክላሉ ማለት ነው።

ለ. እግሮቻቸው

የሽመላ እግር ረጅምና ቀጭን ነው። ላባ የሌለው በመሆኑ በውኃ ውስጥ ስትራመድ አይከብዳትም። ሆዷም ውኃ አይነካውም። ብዙ ልጆች የሽመላን እግር ሲያዩ «ጉልበቷ ወደ ኋላ ነው የሚታጠፈው» ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ያ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የምናየው መገጣጠሚያ ቁርጭምጭሚቷ ነው። እውነተኛው ጉልበቷ ከላይ ከላባዋ ሥር ተሸፍኖ ይገኛል። የድንቢጥም እግር እንዲሁ ነው፤ አጭር ስለሆነ ግን ልብ አንለውም።

ድንቢጥ በመሬት ላይ ስትሄድ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ አድርጋ ትዘላለች እንጂ እንደ ሽመላ በየተራ አታነሣም። የእግሯ ጣቶች ሦስቱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ናቸው። በቅርንጫፍ ላይ አርፋ እግሯን ስታጥፍ በእግሯ ውስጥ ያለው ጅማት ጣቶቿን ይስባቸዋል፤ ጣቶቿም ቅርንጫፉን ጨብጠው ይይዛሉ። ስለዚህ ድንቢጥ እንቅልፍ ወስዷት፣ ነፋስም ቅርንጫፉን እየወዘወዘው አትወድቅም። ሽመላ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን ወደ ሆዷ ሰብስባ ታርፋለች።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ፀሐይ ሲበረታባት ሽመላ በገዛ እግሮቿ ላይ ኩሷን ትለቃለች። ርጥበቱ በነፋስ ሲደርቅ እግሯን ያቀዘቅዝላታል። ስለዚህ በሙቀት ጊዜ ቀዩ እግሯ ኖራ የተቀባ መስሎ ይታያል። ድንቢጥ ደግሞ በደረቅ አፈር ውስጥ ተንከባልላ ትታጠባለች። አፈሩ በላባዋ መካከል ገብቶ ላባዋን ያጸዳላታል። በደጃችሁ አፈር ላይ ክንፏን እያርገፈገፈች ስትንከባለል ብታዩአት ታመመች ብላችሁ አትደንግጡ።

ሐ. ምንቃራቸውና ምግባቸው

የሽመላ ምንቃር ረጅምና ሹል ነው፤ እንደ ወረንጦ ቆንጥጦ ይይዛል። በዚህ ምንቃሯ እንቁራሪትን፣ ትናንሽ ዓሣን፣ አይጥን፣ ፌንጣንና ሌሎችንም ነፍሳት ከውኃና ከሣር ውስጥ ትለቅማለች። አንበጣ በወረደበት ስፍራ ሽመሎች ተሰብስበው አንበጣውን ይበላሉ። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ወደ ሀገራችን ገብቶ ገበሬውን ምን ያህል እንዳስጨነቀው ወላጆቻችሁ ያስታውሳሉ። አንበጣን የምትበላ ወፍ ለገበሬ ወዳጁ ናት።

የድንቢጥ ምንቃር አጭርና ወፍራም ነው፤ እንደ ትንሽ ጉጠት ነው። የእህልና የሣር ፍሬን ሰብሮ ገለባውን ለመጣል የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ ድንቢጥ ጫጩቶች ሲኖሯት ፍሬ ብቻ አትመግባቸውም። ለስላሳ ምግብ ስለሚያስፈልጋቸው ትልና ትናንሽ ነፍሳትን እየያዘች ትመጣለች። እንግዲህ እርሷም በአቅሟ ከእርሻና ከአትክልት ላይ ተባይ ትቀንሳለች።

እስቲ ልጆች፣ ሁለቱ ምንቃራቸውን ቢለዋወጡ ምን ይሆኑ ነበር? ሽመላ በአጭሩ ምንቃር ከረግረግ ውስጥ እንቁራሪት ለመያዝ ፊቷን በጭቃ መንከር ሊኖርባት ነው። ድንቢጥም በረጅሙ ምንቃር የጤፍ ፍሬ መልቀም ይቅርና ራሷን ቀና ማድረግ እንኳ አትችልም። ሁለቱም ይራቡ ነበር።

መ. ድምፃቸው

በዚህ በኩል ትልቋ ወፍ ከትንሿ ታንሳለች። በወፎች ጉሮሮ ግርጌ የድምፅ ማውጫ አካል አለ። በዘማሪ ወፎች ዘንድ ይህ አካል ብዙ ጥቃቅን ጡንቻዎች ስላሉት ድምፅን ከፍና ዝቅ ለማድረግ፣ ለማጠፍና ለመዘርጋት ይችላል። ሽመላ ግን እንዲህ ያሉ ጡንቻዎች የሏትም፤ ስለዚህ ዜማ የላትም። ታዲያ ሽመሎች እንዴት ሰላም ይባባላሉ? አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልብሰው የላይኛውንና የታችኛውን ምንቃራቸውን በፍጥነት ያጋጫሉ። ድምፁ ሁለት ደረቅ እንጨቶች በፍጥነት ሲማቱ የሚሰማውን ይመስላል።

ድንቢጥ ከዘማሪ ወፎች መካከል ከሁሉ የጣፈጠ ዜማ ያላት አይደለችም። ጭው ጭው ማለት ይበዛባታል። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ከጣሪያው ሥር ድምፃቸውን ከሚያሰሙት ወፎች መካከል እርሷ ትገኝበታለች።

ስለ ዘማሪ ወፎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘማሪ ወፍ ጫጩት የወገኑን ዜማ አሟልቶ ይዞ አይፈለፈልም። ታላላቆቹ ሲያዜሙ ያዳምጣል፤ ከዚያም እየተንተባተበ ይሞክራል፤ ይሳሳታል፤ ደግሞ ይሞክራል፤ በመጨረሻም ያሳምረዋል። ታላላቆቹን ሳይሰማ ብቻውን ያደገ ጫጩት ዜማው የተበላሸ ይሆናል። እናንተስ መዝሙር የምታጠኑት እንዲሁ አይደለምን? ከመምህራችሁ አፍ ትሰማላችሁ፤ ትከተላላችሁ፤ ትታረማላችሁ። እንግዲህ በመጀመሪያ ቀን ዜማው ቢጠፋባችሁ አትፈሩ።

ሠ. ጎጆአቸውና ልጆቻቸው

ነጭ ሽመላ እኛ ዘንድ እንግዳ እንጂ ባለ ቤት አይደለችም። ጎጆዋን የምትሠራው በአብዛኛው በአውሮፓ ነው። በፖላንድ፣ በጀርመንና በሌሎችም ሀገሮች በቤት ጣሪያ፣ በጭስ መውጫና በማማ ጫፍ ላይ ጭራሮ እየከመረች ትሠራለች። በየዓመቱም ወደዚያው ጎጆ ተመልሳ በላዩ ላይ ትጨምርበታለች። ስለዚህ ብዙ ዓመት የቆየ ጎጆ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለች። አባትና እናት እየተፈራረቁ ከአንድ ወር ለጥቂት ቀናት ለሚበልጥ ጊዜ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹም ለመብረር ሁለት ወር ያህል ይፈጅባቸዋል።

የድንቢጥ ጎጆ ከሣር፣ ከክርና ከላባ የተሠራ ነው። በግድግዳ ቀዳዳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በዛፍ ላይ ታገኙታላችሁ። የድንቢጥ እንቁላል በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹም ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት ያህል ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ሽመላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልትኖር ስትችል የድንቢጥ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዓመት ነው። ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ልጆቿን ፈጥና ታሳድጋለች፤ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ልትፈለፍል ትችላለች።

ረ. ጉዞአቸው

ድንቢጥ በአንድ መንደር ተወልዳ እዚያው ትኖራለች። ሽመላ ግን ታላቅ ተጓዥ ናት። በአውሮፓ ብርድ ከመግባቱ በፊት፣ በእኛ ነሐሴ ገደማ፣ ሽመሎች ተሰብስበው ይነሣሉ። ባሕሩን በቀጥታ አያቋርጡም። ለምን? ሽመላ ከባድ ወፍ ስለሆነች ክንፏን ሁልጊዜ ማራገብ ያደክማታል። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ሽመላም ክንፏን ዘርግታ በዚያ አየር ላይ እየዞረች ከፍ ትላለች፤ ከዚያም ቁልቁል ተንሳፋ ወደ ፊት ትሄዳለች። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ በሚገባ አይገኝም። ስለዚህ በቱርክና በሶርያ ዞረው፣ በሲና በኩል ወደ ግብፅ ገብተው፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ወደ ሱዳንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይደርሳሉ። አደይ አበባ ከፈካ በኋላ በእኛ ሰማይ ላይ የሚታዩት እነዚህ ናቸው። አንዳንዶቹ በሀገራችን ይከርማሉ፤ ሌሎቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። የአውሮፓ ብርድ ሲያልፍ ደግሞ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ የመምጫዋንና የመሄጃዋን ጊዜ እንደምታውቅ አንሥቶ፣ ጊዜውን ያላወቀውን ሕዝብ ገሥጾበታል።

በጥንት ዘመን የአውሮፓ ሰዎች ሽመላ በክረምት ወዴት እንደምትሄድ አያውቁም ነበር። አንዳንዶቹ ወፎች በውኃ ሥር ወይም በጭቃ ውስጥ ተኝተው ብርዱን ያሳልፋሉ ብለው ያስቡ ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. ግን በጀርመን ሀገር ክሉትዝ በሚባል ስፍራ አጠገብ አንዲት ሽመላ ተገደለች። ሰዎቹ ቀርበው ሲያዩአት በአንገቷ ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የእንጨት ቀስት ተሰክቶ አገኙ። ቀስቱ የአፍሪካ ሰዎች የሚሠሩት ዓይነት ነበር። እንግዲህ ይህች ሽመላ በአፍሪካ ተወግታ፣ ቀስቱን በአንገቷ እንደ ተሸከመች በረሃውን አልፋ እስከ ሀገሯ በርራ ነበር። ሽመላ ወደ አፍሪካ እንደምትመጣ ከዚህ በኋላ በማስረጃ ታወቀ። ይህችው ወፍ ደርቃ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቃ ትገኛለች።

ልጆች ሆይ፣ ይህን ስትሰሙ አስቡ። ያን ያህል መንገድ የተጓዘች ወፍ በአፍሪካ ያገኛት ቀስት ነበር፤ አገሯ ስትገባ ደግሞ ሞት ጠበቃት።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ሳይገድሉ ማወቅን ተማሩ። በ1899 እ.ኤ.አ. ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር በወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለበት ቀላል ቀለበት ማሰር ጀመረ። ቀለበት ያላት ወፍ በሌላ ሀገር ስትገኝ ከየት እንደ መጣች ይታወቃል። እናንተም ቀለበት በእግሯ ያለባት የሞተች ወፍ ብታገኙ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ንገሩ።

ነገር ግን ረጅም መንገድ የሚሄዱት ትልልቆቹ ብቻ ናቸው አትበሉ። ከድንቢጥ የምትቀልል፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተከፈለ፣ በአየር ላይ ዝንብ እየያዘች የምትበርር ትንሽ ወፍ አለች። እርሷም እንደ ሽመላ ከአውሮፓ ወደ ሀገራችን ትመጣለች። እርሷም ከዘማሪ ወፎች ወገን ናት።

ሰ. ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ትናንሽ ወፎች እህል ይበላሉ። ታዲያ እነርሱን መግደል ምን ጥፋት አለው?»

መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው። በእርግጥ ግሪሳ የምትባለው ትንሽ ወፍ በመንጋ መጥታ የማሽላ ማሳን ታጠፋለች። አንዲቱ ብቻዋን ምንም አታደርግም፤ መንጋው ግን የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ይጨርሳል። ስለዚህ ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ጅራፍ እያጮኸና ወንጭፍ እየወነጨፈ ማሳውን ይጠብቃል። ይህ ልጆቹን ለማብላት የሚደክመው ድካም ነው፤ አይነቀፍም። በከተማ ውስጥ ላስቲክ ይዞ በዛፍ ላይ ያረፈችን ድንቢጥ ለጨዋታ የሚመታ ልጅ ግን ምን ማሳ ይጠብቃል? የሚበላትም አይደለም። መትቶ ሲጥላት ይስቃል፤ ጫጩቶቿ ግን በጎጆ ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቋታል። ሳይመገቡ ከዋሉ ይሞታሉ። አንድ ድንጋይ የገደለው አንዲትን ወፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «ሽመላን ማንም አይመታትም፤ ታዲያ እርሷን የሚጎዳት ምንድን ነው?»

መልስ፦ ሽመላንና መሰሎቿን ከሚጎዷቸው ነገሮች መካከል የውኃ መበከልና የረግረግ መድረቅ ይገኛሉ። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽና ከከተማ የሚጣል ቆሻሻ የሞጆን ወንዝ እንደ በከለው፣ ወንዙም ወደ ቆቃ እንደሚወስደው በጥናት ታውቋል። ውኃው ሲበላሽ ዓሣውና እንቁራሪቱ ይጎዳል፤ እነዚያን የምትበላዋም ወፍ ትጎዳለች፤ ከዚያ ውኃ የሚጠጡ ከብቶችና ሰዎችም ይጎዳሉ። የፋብሪካውን ፍሳሽ ማጥራት የትልልቆች ሥራ ነው። ፌስታልና ቆሻሻ ወደ ወንዝ አለመጣል ግን የእናንተም ሥራ ነው።

ሸ. ከዚህ ትምህርት ምን እናገኛለን?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ከሁለቱ የትኛዋ ትበልጣለች? በቁመት ቢሆን ሽመላ ትበልጣለች። በድምፅ ቢሆን ድንቢጥ ትበልጣለች። በጉዞ ሽመላ፣ በቅርንጫፍ ላይ በመተኛት ድንቢጥ ትበልጣለች። ድንቢጥን በሽመላ እግር ብንለካት ድንክ ናት እንላለን፤ ሽመላንም በድንቢጥ ዜማ ብንለካት ዲዳ ናት እንላለን። መለኪያው ግን የተሳሳተ ነው። ለእያንዳንዷ የተሰጣት አካል ለተሰጣት ስፍራ የተስማማ ነው።

በክፍላችሁም ውስጥ እንዲሁ ነው። አንዱ ዜማ ፈጥኖ ይይዛል፤ ሌላው ንባብ ይቀናዋል፤ ሌላዋ ደግሞ ታናናሾቿን ሰብስባ ታስተምራለች። ዜማ የሚከብደውን «ሰነፍ» ማለት ሽመላን ለምን አትዘምሪም ብሎ እንደ መገሠጽ ነው። እናንተም ራሳችሁን በባልንጀራችሁ ቁመት እየለካችሁ አትዘኑ። ጌታችን በቅዱስ ወንጌል ስለ ድንቢጦች ሲያስተምር በገበያ ዋጋቸው እጅግ ጥቂት ቢሆንም በእግዚአብሔር ዘንድ ያልተረሱ መሆናቸውን ነግሮናል። በእርሱ ዘንድ ያልተረሰችውን ወፍ እኛ በድንጋይ ልንመታት አይገባንም።

ስለዚህ ልጆች፦
— ላስቲክና ወንጭፍ ይዛችሁ ወፎችን አትምቱ፤ ጎጆ አታፍርሱ፤ እንቁላል አትውሰዱ።
— በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያሉትን ዛፎች ጠብቁ፤ ቅርንጫፋቸውን አትስበሩ። የብዙ ወፎች ቤት ናቸው።
— ወደ ወንዝ ቆሻሻ አትጣሉ።
— የውኃ ወፎችን ለማየት ብትፈልጉ ከወላጅ ወይም ከመምህር ጋር እንጂ ብቻችሁን ወደ ቆቃ አትሂዱ። በሐይቁ ጉማሬና አዞ አለ።

የቃላት ፍቺ

ረግረግ — ውኃ የተኛበት ጭቃማ መሬት።
ወረንጦ — እሾህ መንቀያ፣ ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ።
ጉጠት — ብረት ሠሪ የጋለ ብረት የሚይዝበት መሣሪያ።
ማማ — የእህል ጠባቂ የሚቆምበት ከፍ ያለ ቆጥ።
ቅጽር — የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አጥርና ግቢ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ድንቢጥ በእንቅልፍ ላይ ሳለች ከቅርንጫፍ የማትወድቀው ለምንድን ነው?
2. ሽመላ ባሕርን በቀጥታ የማታቋርጠው ለምንድን ነው?
3. በ1822 እ.ኤ.አ. የተገኘችው ሽመላ ለሰዎች ምን አስተማረች?
4. «ወደ ኋላ የሚታጠፈው የሽመላ ጉልበት ነው።» እውነት ወይስ ሐሰት? ምክንያቱን ተናገሩ።
5. እህሉን ከግሪሳ በሚጠብቅ ገበሬና ድንቢጥን ለጨዋታ በሚመታ ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት በማለዳ ተነሥታችሁ በግቢያችሁ ያለችውን አንዲት ድንቢጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ምን እንደ በላች፣ እንዴት እንደ ዘለለች፣ ወዴት እንደ ገባች በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለሚመጣው እሑድ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።